ሁለት ዓይን ያለው ንጉሥ

የቅዱስ ያሬድንና የዐፄ ገብረ መስቀልን ሥዕል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ብራና ላይ፣ ካላንደር ላይ። ያሬድ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ያዜማል። ንጉሡ ጦሩን ተመርኩዞ ያዳምጣል። የጦሩ ጫፍ ያሬድ እግር ላይ ተተክሏል፤ ደሙ ይፈሳል። ታሪኩ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ነው፣ ገድሉ የተጻፈው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ነበርና አልታወቃቸውም ይባላል።

ልጅ ሆኜ የማየው ያሬድን ብቻ ነበር። አሁን ዓይኔ ንጉሡ ላይ ይቀራል። በድሮው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው፤ ደጉ ፊት ለፊት፣ በሁለት። ገብረ መስቀል ሁለት ዓይን አለው፣ ያውም ትልልቅ። እግር እየወጋ ከደጎቹ ወገን ነው። ሠዓሊው አልፈረደበትም። ያ ሁሉ ዓይን እያለው ግን ወደ ታች አላየም። ደሙን የምናየው ከሥዕሉ ውጭ የቆምነው ነን።

«አላወቀማ!» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን የማጽናናው በዚህ ነበር።

እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት 6 ዓመት ሠርታ አስተምራኛለች። በቪዲዮ ነበር የምንደዋወለው። ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፤ ሳቋን የምር እወደው ነበር። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ግን አንድ የምጠይቃት ነገር አይጠፋም፦ ክፍያ፣ ላፕቶፕ፣ የቤት ኪራይ። ስትመለስ ነጠላዋን ልትከናነብ ስትል ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አላት። መቼ እንደተጎዳች ጠየቅኳት።

«ሁለተኛው ዓመት ላይ» አለችኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ፊቷን አይቻለሁ። ፊቷን ብቻ። እውነት ነው አላውቅም ነበር፤ ግን አለማወቄ ይከፈልልኝ ነበር። ንጉሡ ባለማወቁ ያተረፈው ዜማ ነው፣ እኔ ዲግሪ። ደግሞ እሷ እንደ ያሬድ አልተመሰጠችም፤ እያመማት ነው የሳቀችው። አንዳንዴማ ያሬድም ተሰምቶት ቢሆንስ እላለሁ፤ ዜማው እንዳይቋረጥበት ብሎ ዝም ብሎ ቢሆንስ? ገድሉ እንዲህ አይልም። የኔ ጥርጣሬ ነው።

ንጉሡን የማከብረው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ደሙን ሲያይ ደነገጠ፣ የፈለከውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልፈለገም፤ አሰናብተኝ አለ። ንጉሡ ማጣት የማይፈልገውን አንድ ነገር፣ ያንን ድምፅ! አዘነ፤ ግን ቃሉን አላጠፈም። ያሬድ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ።

እኔም እህቴን ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ሕክምና ወይም ሱቅ መክፈቻ ትላለች ብዬ ነበር። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ለተወሰነ ጊዜ ማንም ባይደውልልኝ» አለች። ሐዋሳ ጓደኛዋ ጋ ሄደች።

ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ሁለቴ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ።