ፍርድና ምርመራ

ሰው ጥፋት ባየ ጊዜ በጥፋተኛው ላይ ለመፍረድ ይቸኩላል፤ ምክንያቱን ለመመርመር ግን ይዘገያል። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በተሠራበት በጋፋት የምንኖር ሰዎች፣ ብረት በቁጣ እንደማይታዘዝ ልናውቅ ይገባናል።

ከእኛ ቁልቁል፣ በጣና ላይ፣ የጀልባ ሞተር ድምፁ እየተቆራረጠ ጥቁር ጢስ ሲያወጣ ብዙዎች «አርጅቷል» ይሉታል። አስተዋይ መካኒክ ግን አስቀድሞ ቤንዚኑ ውሃ እንዳልገባበት ያያል፤ ቀጥሎም ካንዴላውን ይፈታል። ካንዴላው በጥላሸት ጠቁሮ ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። እንግዲህ የሚበጀው ሞተሩን መጣል ሳይሆን ቤንዚኑን ከአገሩ አየር ጋር ማስማማት ነው።

በመምህርነቴ ዘመን ሰነፍ የተባሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ሲጠየቁ፣ አንዳንዶቹ ረጅም መንገድ በባዶ ሆድ ተጉዘው የሚመጡ ሆነው ተገኙ። ይህን ስል ሰነፍ ተማሪ የለም፣ የሚያረጅ ሞተርም የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሳይመረምር የፈረደ ሰው፣ ፍርዱ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በአጋጣሚ እንጂ በፍትሕ አላገኘውም።