አምሳያ የሌለውን አምላክ በምን ቃል እንጥራው?

ሰው ፈጣሪውን ኃያል፥ ጠቢብ፥ መሓሪ እያለ ሲያመሰግን የሚናገረው ቃል በእውነት ስለ ፈጣሪው የሚናገር ነውን፥ ወይስ ስለ ራሱ ስለ ተናጋሪው? ይህ ጥያቄ ለሥራ ፈቶች ክርክር ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መከራ የደረሰበት ሰው በጭንቅ ጊዜ እጁን ወደ ሰማይ በዘረጋ ጊዜ፥ የሚሰማው ማን እንደ ሆነ፥ በምንስ ስም ሊጠራው እንደሚገባው መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት አጥብቀው ከመረመሩት ሕዝቦች አንዱ የአይሁድ ሕዝብ ስለ ሆነ፥ ውድ አንባቢያን ሆይ፥ ሊቃውንቶቻቸው ስለ እግዚአብሔር ያስተማሩትን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ዘመኖቹን የምንጽፈው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ስለ ሥላሴ ምሥጢር በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት የታወቀ ነውና፥ በዚህ ስፍራ አንመለስበትም።

የአይሁድ እምነት የማዕዘን ድንጋይ በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ቍጥር 4 የተጻፈው የእግዚአብሔር አንድነት ምስክርነት ነው። በመነሻ ቃሉ «ሼማዕ» ይባላል፤ «ስማ» ማለት ነው። በግእዝ «ስማዕ» ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ስለ ሆነ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። ምእመናኑ ጧትና ማታ ይደግሙታል፤ በሞት ጊዜም የመጨረሻ ቃላቸው እንዲሆን ይመኛሉ። ታልሙድ እንደሚተርከው፥ በሁለተኛው መቶ ዓመት ሮማውያን ረቢ ዓቂባን ይዘው ሥጋውን በብረት ማበጠሪያ ሲቧጥጡት የሼማዕ ጸሎት ሰዓት ደርሶ ነበርና ጸሎቱን ጀመረ፤ «አንድ» የሚለውን ቃል እያስረዘመ ሳለም ነፍሱ ከሥጋው ተለየች።

አንድነቱን እንዲህ አጥብቀው የሚመሰክሩለትን አምላክ ግን በገዛ ስሙ አይጠሩትም። በአራት ፊደላት የተጻፈውን ስም ባገኙ ጊዜ በጸሎት «አዶናይ»፥ ይኸውም «ጌታዬ»፥ ብለው ያነቡታል። ሮማውያን ቤተ መቅደሱን በ70 ዓ.ም. ሳያፈርሱት፥ በማስተስረያ ቀን ሊቀ ካህናቱ ያንን ስም ሲጠራ ሕዝቡ በግንባሩ ይደፋ እንደ ነበር በሚሽና ተጽፏል። ይህ «አዶናይ» የሚለው ስም በእኛም የግእዝ ጸሎት ሳይተረጐም ገብቶ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ከየት እንደ መጣ ሳያስብ ይደግመዋል። ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖችም ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፥ በየዓመቱ ለስግድ በዓል ወደ ተራራ እየወጡ፥ ይህንኑ አንድ አምላክ ሲጠሩ ኖረዋል፤ የታልሙድ ሊቃውንት ክርክር ግን አልደረሳቸውም ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ በእስራኤል አገር ይኖራሉ፤ ስግድም በ2008 በዚያ አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ስሙ እንኳ በአፍ የማይጠራው አምላክ፥ ባሕርዩ በምን ቃል ሊነገር ይችላል? ይህን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የያዘው ሙሴ ወልደ ማይሞን ነው። እርሱ በ12ኛው መቶ ዓመት በእስፓንያ በኮርዶባ ከተማ ተወልዶ፥ በሃይማኖት ስደት ምክንያት አገሩን ትቶ፥ በመጨረሻ በግብጽ የተቀመጠ ሐኪምና የሕግ ሊቅ ነበር፤ ያረፈውም በ1204 ነው። በ1168 በፈጸመው የሚሽና ትርጓሜ ውስጥ እያንዳንዱ አይሁዳዊ ሊያምናቸው የሚገቡ 13 የእምነት መሠረቶችን ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ስለ እግዚአብሔር ናቸው፤ ይኸውም መኖሩ፥ አንድነቱ፥ ሥጋ የሌለው መሆኑ፥ ከሁሉ በፊት የነበረ መሆኑ፥ ስግደትም ለእርሱ ብቻ የሚገባ መሆኑ ነው። የቀሩት ስለ ነቢያት፥ ስለ ሕጉ፥ ስለ ፍርድ፥ ስለ መሲሕና ስለ ሙታን ትንሣኤ ይናገራሉ።

በ1190 ገደማ በዐረብኛ የጻፈው «ግራ ለተጋቡ መምሪያ» የሚባለው መጽሐፉ ግን ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እግዚአብሔር ጠቢብ ነው ስንል ጥበብን ያየነው በሰው ላይ ነው። የሰው ጥበብ ደግሞ በትምህርት የሚጨመር፥ በእርጅና የሚቀነስ፥ ሰውየው ሳይኖረውም ሊኖር የሚችል ነገር ነው። እንግዲህ እግዚአብሔርን በዚህ ዐይነት ባለ ጥበብ ነው ብንለው፥ ባለቤቱንና ጥበቡን ሁለት አድርገን አንድነቱን ማፍረሳችን ነው። ስለዚህ ወልደ ማይሞን እንደሚያስተምረው፥ ሰው ስለ አምላክ ባሕርይ በእርግጥ ሊናገር የሚችለው ያልሆነውን ብቻ ነው፤ አላዋቂ አይደለም፥ ደካማ አይደለም፥ ሟች አይደለም ማለት ይገባል። ለዚህም ከታልሙድ አንድ ታሪክ ይጠቅሳል። አንድ ሰው በጸሎት ጊዜ የምስጋና ቃል በቃል ላይ ሲደራርብ የሰማው ረቢ ሐኒና፥ የወርቅ ዲናር በሺህ የሚቈጠር ሀብት ያለውን ንጉሥ በብር ሀብቱ ማመስገን ስድብ አይሆንበትምን ብሎ ገሠጸው።

ይህ ትምህርት ያለ ተቃውሞ አልታለፈም። እግዚአብሔር ሥጋ አለው የሚል ሰው መናፍቅ ነው ብሎ ወልደ ማይሞን በወሰነ ጊዜ፥ የፕሮቫንሱ ሊቅ አብርሃም ወልደ ዳዊት፥ ከእርሱ የሚበልጡና የሚሻሉ ሰዎች የመጻሕፍትን ቃል እንደ ተጻፈ ተቀብለው እንዲህ አምነው ነበርና ስለ ምን መናፍቃን ይላቸዋል ሲል መለሰለት። እርሱ ራሱ አምላክ ሥጋ አለው ባይ አልነበረም፤ ለየዋሃኑ ምእመናን ግን ተቈረቈረላቸው። እኔም ይህን ሳነብ ልቤ ወደ እርሱ ማዘንበሉን አልሸሽግም።

ነገር ግን ወልደ ማይሞንን ልበ ደረቅ ፈላስፋ አድርጎ መገመት ስሕተት ነው። በንግድ ሲያኖረው የነበረው ታናሽ ወንድሙ ዳዊት በሕንድ ውቅያኖስ ሰጥሞ፥ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ትቶ ሞተ። ወልደ ማይሞንም ከዚህ ወሬ የተነሣ አንድ ዓመት ያህል በትኵሳትና በተስፋ መቍረጥ አልጋ ላይ እንደ ወደቀ፥ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል፤ ኀዘኑ ያን ጊዜም አልተወውም ነበር። «መምሪያ»ውንም የጻፈው ከዚህ ኀዘን በኋላ ነው። እንግዲህ አምላክ እንደ ሰው አያዝንም፥ እንደ ሰውም አይለወጥም ያለን ሰው፥ ኀዘን ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው አይደለም።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሐዘንተኛ ተነሣበት። ሐስዳይ ቅሬስቃስ የአራጎን አይሁድ አለቃ ሲሆን፥ በ1391 በእስፓንያ አይሁድ ላይ በተነሣው እልቂት አንድ ልጁ በባርሴሎና ተገደለበት። በ1410 በፈጸመው መጽሐፉ የወልደ ማይሞንን ትምህርት አንድ በአንድ እየነቀሰ ተቃወመ። ለእርሱ እግዚአብሔር በጎነቱን በደስታ የሚያፈስ አምላክ ነው፤ ሰውም ወደ እርሱ የሚቀርበው በአእምሮ ምርመራ ሳይሆን በፍቅር ነው። ልጁን የቀበረ አባት ስለ እግዚአብሔር ደስታ መጻፉ እጅግ ያስደንቃል።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው? ቅሬስቃስ ለልብ ይቀርባል። እኔ ግን ወልደ ማይሞን በአንድ ነገር የበለጠ ይመስለኛል። ሙሴ የእግዚአብሔርን ክብር ለማየት በለመነ ጊዜ የታየው ፊቱ ሳይሆን መንገዱ፥ ይኸውም ምሕረቱና ትዕግሥቱ ነበር። እነዚህ ወልደ ማይሞን እንደሚለው የሥራው ስሞች ናቸው፤ የተነገሩንም ባሕርዩን እንድንለካበት ሳይሆን ሥራውን እንድንከተልበት ነው። ታልሙድም አስቀድሞ ይህንኑ በቀላል ቃል አስተምሯል። ሰው የሚባላ እሳት የተባለውን አምላክ እንዴት ሊከተለው ይችላል ተብሎ ቢጠየቅ፥ እርሱ አዳምን እንዳለበሰ የታረዘውን በማልበስ፥ አብርሃምን እንደ ጐበኘ የታመመውን በመጐብኘት፥ ይስሐቅን እንዳጽናና ያዘነውን በማጽናናት፥ ሙሴን እንደ ቀበረ የሞተውን በመቅበር ይከተለዋል የሚል መልስ ተሰጠ። በዚህ መልስ ውስጥ ስለ አምላክ ባሕርይ አንዲት ቃል የለችም፤ ነገር ግን የሰማው ሰው ነገ ጧት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ወላጁ የሞተበት አይሁዳዊ አሥራ አንድ ወር ያህል በምኵራብ እየቆመ «ቃዲሽ» የሚባለውን ጸሎት ይደግማል። ለብቻው ሊለው አይፈቀድለትም፤ አሥር ሰዎች አብረውት ሊቆሙ ይገባል። ሐዘንተኛው ዘወትር በሚያደርሰው በዚያ ጸሎት ውስጥ ስለ ሞት አንድ ቃል አይነገርም፤ የሞተውም ሰው በስሙ አይጠራም። የአምላክ ስም ታላቅና ቅዱስ እንዲሆን ይለመናል፤ ቀጥሎም ያ ስም በዓለም ከሚነገረው ምስጋናና መዝሙር፥ ከማጽናኛም ቃል ሁሉ በላይ እንደ ሆነ ይነገራል። በዙሪያው የቆሙትም «አሜን» ይሉለታል።