ያልተገኘው አጋዘን

አጋዘን ያለቦታው ባረፈ ፍላጻ ቆስሎ ሊተርፍ ይችላል? ይችላል፤ እንዲያውም ከሚገመተው በላይ ይተርፋል። የሚያከራክረው መትረፉ ለማን ይቆጠራል የሚለው ነው። የመታው እንስሳ የጠፋበት አዳኝ «ድኖ ይሆናል» ሲል፣ ስለ አጋዘኑ ገላ የሚነገረውን እውነት የራሱ ሥራ ማቅለያ ያደርገዋል፤ ይህ ደግሞ አያስኬድም።

ፍላጻ በዋናነት የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ስለቱ ሁለቱንም ሳንባ ከበሳ እንስሳው ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። ከአከርካሪው በላይ ያለውን ሥጋ ብቻ ከቆረጠ ግን እንደ ምላጭ በተሳለ ስለት የተቆረጠው ቁስል ሊገጥም ይችላል፤ ተሰብሮ የቀረ ስለት እንኳ በጠባሳ ተከቦ ከእንስሳው ጋር ይኖራል። ጨጓራው የተበሳ አጋዘን ዕጣ ሌላ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ጨጓራ በተህዋስያን የተሞላ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው ወደ ሆድ ዕቃው ሲፈስ ይመርዘዋል፤ ሞቱም ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከቀን ያልፋል። አሮጌ ስለት ትከሻው ውስጥ ይዞ የተገደለው አጋዘን ሲወራለት ይኖራል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ሞቶ አውሬ የበላውን ግን ማንም አይቆጥረውም። የአዳኞች ልምድ ለተረፉት የሚያደላውም ለዚህ ነው።

ይህን ዓይነቱን አድልዎ የሚያርመው መከታተያ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ማክአሌስተር በተባለው የጦር ሠራዊት የጥይት ፋብሪካ ግቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት 80 ወንድ አጋዘኖች የሬዲዮ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ተደረገላቸው። በባህላዊ ቀስት ከተመቱት 22ቱ መካከል 11ዱ ተገኙ፣ 11ዱ ቆስለው አመለጡ፤ ካመለጡት የሞቱት 3 ብቻ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ኢንዲያን ሄድ በተባለው የባሕር ኃይል ግቢ በዘመናዊ ቀስት ከተመቱ 908 አጋዘኖች ያልተገኙት ደግሞ 162 ነበሩ።

«ታዲያ ከ11ዱ 8ቱ ከዳኑ ምን ተበደለ?» ይባል ይሆናል። ስምንቱን ያዳናቸው ግን የገላቸው ብርታትና የጥቂት ሴንቲሜትር ዕድል ነው። እኩል የተቻኮሉ ሁለት ቀስተኞች ቢኖሩ፣ የአንዱ ፍላጻ ሥጋ የሌላው ጨጓራ ቢያገኝ፣ በሥራቸው መካከል ምን ልዩነት አለ? ከበድ የሚለው ተቃውሞ ተፈጥሮ ራሷ ጨካኝ ናት የሚለው ነው፤ ወንዶቹ በስሪያ ወቅት በቀንድ ይወጋጋሉ፣ አዳኝ አውሬም በቁማቸው ይዘነጥላቸዋል። እውነት ነው፤ አውሬው ግን «ይህ ርቀት ለእኔ በዝቷል» ብሎ ሊተው አይችልም። ቀስተኛው ይችላል። እንደ ብሪታኒያ ቀስትን ጨርሶ መከልከልም ጥያቄውን አይዘጋውም፤ በጠመንጃም ቆስሎ የሚያመልጥ አለ።

እንግዲህ መልሱ ያለው አጋዘኑ ይሙት ይዳን ሳያውቁ በሚደረገው ውስጥ ነው። ጨጓራው የተመታን አጋዘን ወዲያው ካሳደዱት ተነሥቶ ብዙም የደም ዱካ ሳይተው ሊርቅ ይችላል፤ ሰዓታት ከታገሡት በአብዛኛው አቅራቢያው ተኝቶ ይገኛል። ባይገኝስ? በአፍሪካ የሳፋሪ አደን የተለመደ ደንብ አለ፦ ደም ከታየ፣ እንስሳው ባይገኝም እንደተገደለ ተቆጥሮ አዳኙ ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል። ነገ ድኖ ሊግጥ ለሚችል እንስሳ ማስከፈል ግፍ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ደንቡ ልክ ይመስለኛል፤ የሚያስከፍለው ፍላጻው በተለቀቀበት ሰዓት ለሆነው እንጂ አጋዘኑ በኋላ ለሚገጥመው ዕድል አይደለም።