አክስቱ የምትቆፍረው ጉድጓድ

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ አሶሳ ላይ ሻይ የጋበዘኝ የድሮ ተማሪዬ። እኔ ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ወርቅ ፈላጊ ኩባንያ ዘንድ የአፈር ናሙና መዝጋቢ ሆኖ ሦስት ዓመት ሠራ። (እንጀራ መቼም አማርጦ አይመጣም።) ሲለቅ ያየውን ለማንም ላይናገር ፈርሟል። አክስቱ ደግሞ በጋ በመጣ ቁጥር ከመንደሩ ሴቶች ጋር አንድ ቦታ ትቆፍራለች። የዚያን ቦታ ውጤት በገዛ እጁ መዝግቦታል። ባዶ ነው። «ልንገራት ወይስ ፊርማዬን ልጠብቅ?»

ሕጉ ወደ ኩባንያው ያደላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአሠሪውን ምስጢር የሚያውቅ ሠራተኛ ከለቀቀ በኋላ እንዳይወዳደረው መዋዋልን ፈቅዷል፤ የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም የሌላውን የንግድ መረጃ ያለ ፈቃድ መጠቀምን ከልክሏል። ክፋት የለበትም። ገንዘቡን አፍስሶ ያስቆፈረ ሰው ካርታው በየሻይ ቤቱ ቢዞር፣ ነገ ማን ይቆፍራል? «የለም» የሚለው ወሬ እንኳ ዋጋ አለው፤ ተፎካካሪን ከከንቱ ወጪ ያድናላ።

ግን ኩባንያው አካባቢውን ከማን አወቀው? እ.ኤ.አ. በ1820 የግብፁ መሐመድ አሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካማለሉት ነገሮች አንዱ የዚህ አገር ወርቅ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን አካባቢውን ለምኒልክ ካስገበሩ በኋላም ሼህ ሖጀሌ ግብሩን በወርቅ ሰጥተዋል። ያንን ወርቅ ከወንዝ ያጠበው እንግዲህ የዚህችው አክስት ወገን ነው። ጂኦሎጂስቶቹ ሲመጡም ቡና አፍልታ፣ በገበቴ የምታጥብበትን ወንዝ አሳይታቸዋለች። ማንም አላስፈረማትም። እሷ የተናገረችው ጨዋታ ሆኖ ቀረ፤ ልጁ የመዘገበው ምስጢር ተባለ።

እኔም ከማስተማር ሥራዬ ስወጣ ማስታወሻዎቼን በካርቶን ሞልቼ ነው የወጣሁት፤ ጠያቂ አልነበረም። እናም ለመስበክ አፌን ያዝ ያደርገኛል። ቢሆንም አልኩት፦ ካርታውንና ቁጥሩን ተወው፣ የነሱ ነው፤ ለሌላ ኩባንያም እንዳትሸጠው። ጉድጓዱ ግን ይናዳል። ሴትዮዋ ለባዶ አፈር ትቀበር? «እዚህስ ተዪው» በላት። ከዚያ በላይ አትናገር።

ጥቂት ዝም አለ።

«እሱማ ይቻል ነበር መምህር። ግን በሚቀጥለው በጋ ሌላ ቦታ ልትጀምር ስትል ትጠይቀኛለች። ያኔ ዝም ካልኩ፣ አለ ማለቴ አይደል?»

ይኼን አላሰብኩትም ነበር።