በር እና ውሃ

ደምሴ የሚባል አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። አዲስ አበባ ዳር ላይ፣ ገና በመቆርቆር ላይ ባለ ሰፈር ቤት ሠርቶ ገባ። ቤቱ ሁለት ነገር ቀርቶት ነበር፤ የግቢ በርና የሮቶ መቆሚያ። በሩ ለጊዜው ከአሮጌ ቆርቆሮ የተገጣጠመ ነበር። ባለ 1000 ሊትሩ ሮቶም መሬት ላይ ስለተቀመጠ ውሃው ወደ ቤት አይወጣም፤ ባለቤቱ ጽጌ በባልዲ እየቀዳች ታስገባለች። ደምሴ በወጣትነቱ ብየዳ ተምሮ ነበርና አንድ ትንሽ የኢንቨርተር መበየጃ ገዝቶ "ሁለቱንም በገዛ እጄ እሠራቸዋለሁ" አለ።

ኤሌክትሮድ ሊገዛ መርካቶ ሲወርድ ጎረቤቱን ጋሽ ወርቁን ለምኖ ይዟቸው ሄደ። ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን በብየዳ የጨረሱ፣ ዓይናቸው ሲደክም ማስካቸውን የሰቀሉ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም።

ባለሱቁ በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ርካሽ 6013 አወጣላቸው። ጋሽ ወርቁ ከአንደኛው ፓኬት አንድ ፍሬ መዘዙና ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። የውስጡ ሽቦ ወደ አንድ ጎን አድልቷል፤ ልባሱ በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ሳስቷል። "ይሄ እሳቱን ወደ ጎን ይተፋዋል" ብለው መለሱት። ከሁለተኛው ፓኬት ደግሞ መዘዙ። ሽቦው ልክ መሐል ላይ ነው። በሁለት እጃቸው ይዘው በቀስታ ለመጥ አደረጉት፤ ልባሱ አልተፈረፈረም። ማሽኑ የሚነክሰው ባዶ ጫፍም ዝገት አልነካውም።

"ይሄኛው ርካሽ ቢሆንም ሥራውን ያውቃል" አሉ።

ቀጥሎ ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ በፕላስቲክ የታሸገ 7018 አወረደ። ዋጋው የርካሹ እጥፍ ነበር። ደምሴ ዋጋውን ሲሰማ ፓኬቱን በሁለት እጁ ተቀበለ።

"ልዩነታቸው ምንድን ነው ጋሼ?"

"ቁጥሩ ይነግርሃል። 60 የሚለው፣ ብየዳው በካሬ ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ ቢጎተት ይችላል ማለት ነው፤ 70 የሚለው 70 ሺህ። ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። 6013 ቶሎ ይለኮሳል፤ ለቀጭን ብረት ገር ነው፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል፤ መልኩም ያምራል። 7018 አመለኛ ነው። አንዴ ከጠፋ ጫፉን ቅርፊት ይዘጋዋል፤ ካልፋቅከው አይነሣልህም። ነገር ግን ቢከብደውም ቢንቀጠቀጥም ቶሎ አይሰነጠቅም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ፓኬቱን የከፈትክ ቀን ሥራበት፤ ከፍተህ ካሳደርከው ከ300 ዲግሪ በላይ በሞቀ ምድጃ ካልደረቀ አትመነው።"

ይህን ብለው ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። በርካሹ ፓኬት ላይ "በር"፣ በውዱ ላይ "ውሃ" ብለው ጻፉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ማታ ደምሴ ሁለቱን ፓኬቶች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አሰበ። እንግዳ ሲመጣ የሚያንኳኳው በሩን ነው። አማቱ ሲመጡ ቆመው የሚጠብቁት እዚያው ነው። የሰፈሩ ሰው ጠዋት ማታ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። የሮቶው መቆሚያ ግን ከበሩ አጠገብ ባለው የአጥር ጥግ፣ ከኮባው ጀርባ የሚቆም ነው። ውዱን ኤሌክትሮድ ከኮባ ጀርባ መጨረስ ገንዘብን መቅበር መሰለው። ጠመኔውን በአውራ ጣቱ ፋቀና ጽሑፉን አቀያየረው።

በሚያዝያ በሩን ጀመረ። ላሜራው 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ኤሌክትሮዱ 3.2 ነበር። ማሽኑን ዝቅ ሲያደርገው ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፤ ወደ 120 አምፔር ከፍ ሲያደርገው ላሜራውን ይበሳዋል። ደምሴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የተበሳውን በስቱኮ ሞላ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ አንቲረስት ቀባ፤ በላዩ ላይ ቡናማ ቀለም ደረበበት፤ የአበባ ቅርጾቹን በወርቅማ ቀለም ነካካቸው። በሩ ሲቆም አላፊ አግዳሚው "እጅህ ይባረክ!" አለው። ውዱ ፓኬትም በዚያው አለቀ።

መቆሚያውን የጀመረው ሰኔ ሲገባ ነው። ገንዘቡም ጉጉቱም በበሩ ላይ አልቀው ነበር። ከምናለሽ ተራ ዝገት የበላው አንግል ብረት አመጣ። ርካሹ ፓኬት ተከፍቶ ከሚያዝያ ጀምሮ በዕቃ ቤቱ የሲሚንቶ ወለል ላይ ሰንብቷል፤ በነካው ቁጥር ካርቶኑ ለስልሶ ይቀደድ ነበር። ደምሴ ቀጭኖቹን 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮዶች በ6 ሚሊው ብረት ላይ ለኮሳቸው። እየተንጣጡ፣ እየተፉ ነደዱለት። ዝገቱን አልሞረደም። አንዱን ዙር ሲጨርስ ቅርፊቱን ሳያነሣ ሌላውን ደረበበት።

ጽጌ ልብስ እያሰጣች ታየው ነበር።

"አንተ፣ የበሩን በመዶሻ ስትቀጠቅጥ፣ በብሩሽ ስትፈትግ ነበር የምትውለው። የዚህን አታነሣውም?"

"ከኮባ ጀርባ ማን ያየዋል?" አላት፤ ቀለም ቀባውና ጨረሰ።

ሮቶው ወጣ። ውሃ ተሞላ። 10 ኩንታል ክብደት በአራት እግር ላይ ተቀመጠ። ቧንቧው ሲከፈት ጽጌ እልል አለች። ከሮቶው ሥር አንዲት ትንሽ ቧንቧ ተገጠመች፤ ልጃቸውም ጠዋት ጠዋት ፊቷን የምትታጠበው እዚያ ሆነ።

ሰኔ አለፈ፤ ሐምሌም አለፈ። በነሐሴ አንድ ቀን ንጋት ላይ፣ ልጅቱ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ፣ ከግቢው አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ደምሴ ብርድ ልብሱን ጥሎ ሲወጣ መቆሚያው በአንድ እግሩ ተንበርክኳል። ሮቶው እያየው ተንሸራተተ፤ ኮባውን ደፍጥጦ፣ ታጥፎ የቆመውን በር ከነማጠፊያው ገንጥሎ ይዞት ወደቀ። ውሃው ግቢውን አጥለቅልቆ ወደ መንገዱ ወጣ። ሰው አልተነካም። ጽጌ ልጇን ከአልጋ አንሥታ አቅፋ፣ ያችን ትንሽ ቧንቧ እያየች ቆመች። አንድም ቃል አልወጣትም።

ጋሽ ወርቁ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ መጡ። ደምሴ ሲያያቸው እሮሮውን ጀመረ።

"ርካሹ ኤሌክትሮድ ጉድ ሠራኝ ጋሼ!"

ሽማግሌው አልመለሱለትም። የተላቀቀውን እግር አንሥተው ስብራቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል። በዙሮቹ መካከል ጥቁር ቅርፊት ተቀብሯል። ከሥሩም ዝገቱ እንዳለ ነው፤ ብየዳው ብረቱን ሳይሆን ዝገቱን ነበር የያዘው። እግሩን አስቀምጠው ወደ ወደቀው በር ሄዱ። ተንበርክከው ከአንዱ መጋጠሚያ ላይ ቀለሙን በጥፍራቸው ጫሩት። ስቱኮው ተፈርፍሮ ወደቀ። ከበስተጀርባው ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ብቅ አለ።

"ይሄስ በየትኛው ነው የተበየደው?"

ደምሴ አንገቱን ደፋ። "በውዱ" ያለችው ጽጌ ናት።

ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አራገፉ። "ሁለቱም ወደተላኩበት አልደረሱማ" አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ ደምሴ ብቻውን መርካቶ ወረደ። አንድ ፓኬት 7018፣ አንድ ፓኬት ርካሹን 6013 ገዛ። በ6013ቱ ጫፍ ሽቦው መሐል ላይ መቀመጡን አየ፤ ለመጥ አድርጎም ሞከረው። ቤት ሲደርስ ርካሹን ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ከድኖ ከወለሉ ከፍ አድርጎ አኖረው። ውዱን እስከ ሥራው ቀን ድረስ አልከፈተውም።

መቆሚያውን አስቀደመ። አንግል ብረቱን ነጭ እስኪሆን በግራይንደር ፈተገው። ፓኬቱን ጠዋት ከፍቶ አንድ ዙር በበየደ ቁጥር ቅርፊቱን በመዶሻ አነሣ፤ በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፤ ከዚያ ሌላውን ደረበ። እሳቱ ሲቋረጥበት የኤሌክትሮዱን ጫፍ እየፋቀ እንደገና ለኮሰ። ከታች ሲሚንቶው ላይ የሚያርፈውን የእግሩን ሰሌዳ ለመበየድ በደረቱ ተኛ። ያን መጋጠሚያ ከእሱ በቀር ያየው የለም፤ ጨርሶም ቢሆን መልሶ ቅርፊቱን አነሣ፤ መልሶ ጠረገ። ጽጌ ሻይ ይዛ መጥታ እስኪነሣ ጠበቀችው። ሻዩ በረደ።

ከዚያ በሩን አቃና። የተበሳውን ላሜራ አውጥቶ አዲስ ገጠመ፤ ርካሹን 2.5 ሚሊ በ70 አምፔር ለኮሰው። እሳቱ ዝግ ብሎ ሄደ። አልበሳም፤ ቅርፊቱ በመዶሻ ሲነካ ረገፈ። ስቱኮ ሳያስፈልገው ቀለም ተቀባ።

ውሃው እንደገና ሲሞላ ጽጌ ልጇን ይዛ ራቅ ብላ ቆመች። በማግሥቱም ራቅ ብላ ቆመች። ልጅቱ ከዚያ ቧንቧ እንድትታጠብ የፈቀደችው ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከጎረቤት አንድ ወጣት ወደ ደምሴ መጣ። ከምድር ቤት ወደ ሰገነት የሚያወጣ የብረት ደረጃ ሊሠራ ነው። የመደገፊያውን አበባና ጥምዝምዝ በወረቀት ላይ አሳምሮ ስሎ ይዞታል።

"ጋሽ ደምሴ፣ ለዚህ ለዚህ ውዱ ይሻለኛል ወይስ ርካሹ?"

ደምሴ ሥዕሉን ተቀበለው። አገላብጦ ፈለገ፤ ደረጃው ከምን ላይ እንደሚቆም የሚያሳይ አንድ መስመር እንኳ የለም።

"አበባውን በኋላ እናየዋለን" አለው። "መጀመሪያ እግሩን ሥለህ አምጣ።"