95 በመቶ አርምሞ

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት። አብርቼው፣ ጀበና ጥጄ ስመለስ እንኳ ያችን ክብ እያሽከረከረ ይጠብቀኛል። በዐቢይ ጾም አንድ ሌሊት ትዕግሥቴ አለቀና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ።

ጉድ ነው። እኔ የከፈትኩት አንዲት የጽሑፍ ፋይል ብቻ፤ ውስጡ ግን ሰፈር ሙሉ ተሰብስቧል። ድሮ አንዴ የተጠቀምኩበት የፕሪንተር ፕሮግራም፣ ሁለት አንቲቫይረስ (አንዱን ማን እንደ ጫነው እግዜር ይወቀው)፣ የቪዲዮ መደወያ። ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል። ዲቴይልስ የሚለውን ገጽ ስገልጥ ደግሞ ዋናውን ሌባ ያገኘሁ መሰለኝ፦ ሲስተም አይድል ፕሮሰስ፣ 95። ልዘጋው ብል እምቢ አለኝ። ለካ እሱ ፕሮሰሰሩ ሥራ አጥቶ ያረፈበት ጊዜ የሚቆጠርበት ነው! ምስኪኑ ዲስኩን እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ እኔ ዕረፍቱን በሌብነት ከሰስኩት።

አፈርኩ። በጸሎትም ይህንኑ ስሠራ ኖሬያለሁ። ዳዊት ደግሜ ስጨርስ ዝም ብዬ የምቆምባት ጥቂት ደቂቃ አለች። ያን ጊዜ የቤት ኪራዩ፣ ዕቁቡ፣ ወንድሜ በሰው ፊት የተናገረኝ ቃል ይግተለተላል። ዝምታው ነው ያመጣብኝ ብዬ ቶሎ ሌላ መዝሙር እጀምራለሁ። ዝምታው ግን ምን አደረገ? ድሮም ሲሠሩ የነበሩትን አሳየኝ እንጂ።

ታዲያ ያልጠራሁት ሐሳብ የማን ነው? በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ፣ ክፉ ሐሳቦችን ስምንት ብሎ የቆጠረው፣ መምጣታቸው በእኛ እጅ እንዳልሆነ፣ መቆየታቸው ግን በእኛ እጅ እንደሆነ ያስተምር ነበር። እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ትንሽ ያዘነብልልኛል። ፕሮግራሞቹ ሲጫኑ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብረው እንዲነሡ ሳላነብ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። በወንድሜ የያዝኩትን ቂምም እንዲሁ፤ በተናገረኝ ቀን ማታ ለሚስቴ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አውርቼላታለሁ።

ስታርትአፕ ከሚለው ገጽ ገብቼ ዘጠኙን ዲሴብል አደረግሁ። ሞቅ ብሎኝ ኤክስፕሎረርንም ስዘጋ ዴስክቶፑ ከነምልክቶቹ ጥፍት አለ፤ መልሼ እስካስነሣው ላብ አጠመቀኝ። የእናቴ ደም ግፊት ሐሳብም እንደዚያ ነው። በጸሎት መካከል ይመጣል፣ ያናጥበኛል፤ የሚዘጋ ግን አይደለም።

ላፕቶፑ አሁን ጀበናው ሳይገነፍል ይነሣል። የወንድሜ ቃል ግን ዛሬ ሌሊትም ከዳዊቱ ቀድሞ ተነሣ።