ሽቱ የሚቀባ ሰውና በሽቱ ላይ የሚፈርድ ሰው

ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል ለፍርድ እጅግ የሚያስቸግር ማሽተት ነው። ዓይን የማይወደውን ባየ ጊዜ ይከደናል፤ አፍ የማይስማማውን ይተፋል፤ እጅም ከሚፋጀው ነገር ይሸሻል። አፍንጫ ግን መዝጊያ የለውም፤ በእጅ ቢይዙትም እስትንፋስን ይከለክላልና ሰው ብዙ ሊታገሥ አይችልም። ስለዚህ ሽቱ ተቀብቶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው፥ ለራሱ ብቻ የተቀባ ቢመስለውም፥ በመንገድ የሚያልፈውን፥ በጉባኤ አጠገቡ የሚቀመጠውን፥ በቤተ ክርስቲያንም ከኋላው የሚቆመውን ሁሉ ሳይጠይቅ ያካፍለዋል። የጀርመኑ ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1790 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ፍርድ ኃይል ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር ከሙዚቃ ጋራ አስተያይቶታል። ሽቱ የነካውን መሐረብ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ሳይወዱ በግድ ያሸትታቸዋል፤ እነርሱም መተንፈስን ካልተዉ በቀር ማምለጫ የላቸውም ብሎ ይወቅሳል። ካንት የጎረቤቶቹን መዝሙር እንኳ ያልታገሠ ሰው ነውና ቃሉ ጥቂት ቢመር አያስደንቅም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

እንግዲህ መልካም ሽታ ያለውን ሽቱ መቀባት በደል ነውን? ጥያቄው በጠቅላላ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ዳኛ ግን በጠቅላላ አይፈርድም፤ በፊቱ በቀረበው በአንዱ ነገር ላይ ይፈርዳል እንጂ። ስለዚህ አንዱን ለይቶ መመርመር ይሻላል፤ ይኸውም ካርኔሽን በሚባለው አበባ አምሳል የተቀመመው፥ ለስላሳና የፊት ዱቄት የሚመስለው ሽቱ ነው።

ካርኔሽን ቅጠሉ ቀጭን፥ የአበባው ዳር እንደ ተቀደደ ጨርቅ የተሸረካከተ ተክል ነው። የዕፅዋት ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ዓ.ም. ዲያንቱስ ካርዮፊሉስ ብሎ ሰየመው። ካርዮፊሉስ የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ አስቀድሞም የቅርንፉድ ስም ነበረ። ዐረቦችም ቅርንፉድንና ይህን አበባ በአንድ ቃል ቀረንፉል ይሏቸዋል፤ የአማርኛው ቅርንፉድም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ይህ የስም መገናኘት በከንቱ አልመጣም፤ አበባው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላልና። በሁለቱም ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ሻዩን በቅርንፉድ የሚያፈላ የአዲስ አበባ ሰው የዚህን ሽቱ ጠርሙስ ቢከፍት፥ አበባውን በዓይኑ ዓይቶት ባያውቅ እንኳ፥ የሽታውን እኩሌታ ወዲያው ያውቀዋል።

አርስጣጣሊስ ስለ ሕዋሳት ሲጽፍ ሽታን በሁለት ከፈለ። አንደኛው የምግብ ሽታ ነው፤ የተራበ ይወደዋል፥ የጠገበ ይሰለቸዋል። ሁለተኛው የአበባ ሽታ ነው፤ ይህ ረኀብንና ጥጋብን ሳይጠብቅ በራሱ ደስ ያሰኛል፤ ከእንስሳ ሁሉ ለይቶ የሚያውቀውም ሰው ብቻ ነው ይላል። በሥነ ምግባር መጽሐፉ ደግሞ፥ በጽጌ ረዳና በዕጣን ሽታ የሚደሰተውን ሰው ማንም ልቅ አይለውም፤ የቅባትና የወጥ ሽታ የሚያስጎመጀው ግን ልቅ ይባላል፥ ሽታው የሚመኘውን ነገር ያሳስበዋልና ይላል። ክፍፍሉ መልካም ነው፤ ካርኔሽን ግን በድንበሩ ላይ በቅሎ ዳኛውን ያስቸግረዋል። አበባ ነው፤ የወጥ ቤት ቅመምም ይሸታል። እንግሊዞች በቀድሞ ዘመን የወይን ጠጃቸውን በዚሁ አበባ ያጣፍጡ ነበር። እንግዲህ ይህን ሽቱ የሚወድ ሰው ንጹሕ ደስታ ደስ ያለው ነው ወይስ ሆዱን የሚያስብ? አንዱን ጠርሙስ አንዱ እንደ አትክልት ቦታ፥ ሌላው እንደ ግብር አዳራሽ ሊያሸተው ይችላልና በጠርሙሱ ብቻ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ። በካርኔሽን ስም የሚሸጠው ሽቱ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት የካርኔሽን ቅጠል የለበትም። ከአበባው የሚወጣው ቅባት እጅግ ጥቂትና ውድ ነው፤ ወጥቶም ሽታው በግንዱ ላይ እንዳለው አበባ አይሆንም። ስለዚህ ቀማሚው ዩጂኖልንና ወንድሙን አይሶዩጂኖልን ይወስዳል፤ ጥቂት ጽጌ ረዳ፥ ጥቂት ቫኒላ፥ አንዳንድ ጊዜም የቁንዶ በርበሬ ሽታ ይጨምርበታል፤ ከዚህ ሁሉ መካከል ያልነበረው አበባ ይነሣል። እንዲለሰልስ ሲፈልግ ደግሞ የአይሪስን ሥር ወይም እርሱን የሚመስለውን ይጨምራል። ይህ ሥር በኢጣሊያ አገር በፍሎሬንስ አካባቢ የሚበቅል ሲሆን፥ ከመሬት በወጣ ጊዜ መዓዛው ይህን ያህል አይደለም፤ ደርቆ ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ነው መልካም መዓዛ የሚሰጠው። የአውሮፓ ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡት ዱቄት ለብዙ ዘመን በዚህ ሥር መዓዛ ይሸት ስለ ነበር፥ ሰዎች ይህን ሽታ ሲያገኙ ዱቄት የሸተታቸው ይመስላቸዋል። ዱቄትስ በራሱ ሽታ አልነበረውም።

አበባ ሳይኖር አበባ ማሽተት ሐሰት ነውን? ቅዱስ ጊዮርጊስን በቀለምና በሰሌዳ የሚሥል ሰዓሊ ዋሸ የሚለው የለም። ነገር ግን ሥዕል በግድግዳ ላይ ሆኖ ሥዕል ነኝ ይላል፤ ሽቱ የተቀባ ሰው ግን በደረቱ ላይ ጽሑፍ አይለጥፍም፤ መዓዛው ከራሱ የወጣ መስሎ ይሄዳል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ለዚህ መልስ አለው። በአጠገቡ ካርኔሽን የሸተተው ሰው ያች ሴት አበባ ሆነች ብሎ የሚታለል አይደለም፤ ቀይ ቀሚስ የለበሰችውንም ሥጋዋ ቀይ ነው አይልም። ሐሰት የሚገባው በሌላ በር ነው፤ ነጋዴው ከንጹሕ አበባ የተጨመቀ ብሎ በጻፈ ጊዜ። አምሳያ ከእውነተኛው የሚሻልበትም ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ፥ ይልቁንም በከፋና በጅማ አገር፥ ጥርኝ በጠባብ ቀፎ ታስሮ ዝባዱ እየተፋቀ ለብዙ ዘመን ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር፤ የፓሪስ ቀማሚዎችም ሽቱአቸው እንዲቆይ ከእርሱ ጥቂት ጠብታ ያገቡ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ በብልሃት የተሠራ ምትክ ይጠቀማሉ። ይህን ምትክ ሐሰት ብሎ የሚንቅ ሰው ቀፎውን ሄዶ ይመልከት።

መጽሐፍ ቅዱስም አንዱን አምሳያ ይከለክላል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 30 የተቀደሰው ዕጣንና የቅብዐቱ ቅመም በሚዛን ተነግሮ፥ ለገዛ ራሱ ያሸት ዘንድ እርሱን የሚመስል የሚሠራ ሰው ከወገኑ ተለይቶ ይጥፋ ተብሎ ተደንግጓል። የተከለከለው ለመሠዊያው የተለየውን ወደ ቤት መውሰድ ነው፤ በሜዳ የበቀለን አበባ መምሰል በዚያ አልተጠቀሰም። በዛሬው ዘመን በአውሮፓ የቤተ ክርስቲያንን ማዕጠንት የሚመስል ሽቱ በጠርሙስ ይሸጣል፤ ስለዚያ ከፈላስፋ ይልቅ ካህን የሚናገረው ይበዛል።

ለስላሳ ካርኔሽን ከሚሸቱት ሁሉ ስሙ የገነነው ሌር ዱ ታን ነው፤ የጊዜው አየር እንደ ማለት ነው። ካሮን የተባለው የፓሪስ ቤት በ1927 ዓ.ም. ያወጣው ቤሎጂያ ይቀድመዋል፤ ያ ግን ቅመሙ የበረታ ነው። ኒና ሪቺ በቱሪን ተወልዳ በ1932 ዓ.ም. በፓሪስ የልብስ ስፌት ቤት ያቆመች ሴት ነበረች፤ ልጅዋ ሮቤር በ1948 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፋብሮን በሚባል ቀማሚ እጅ ሌር ዱ ታንን አሠራ። ታላቁ ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበረ። በ1951 ዓ.ም. ማርክ ላሊክ ለጠርሙሱ ሁለት ርግቦች ያሉበት የብርጭቆ ክዳን ሠራለት፤ ርግቦቹም የሰላም ምልክት ሆነው ተወደዱ። ነገር ግን ሽቱው በወጣበት ዓመት በፈረንሳይ አገር ዳቦ ገና በካርድ ይታደል ነበር።

እዚህ ላይ በቢታንያ የተጠየቀው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ ሽቱ በ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች ያልተሰጠ ስለ ምንድን ነው? ወንጌላዊው ዮሐንስ ጠያቂው ሌባ እንደ ነበረ ይነግራል፤ በማቴዎስ ግን የጠየቁት ደቀ መዛሙርት ናቸውና ጥያቄውን የሌባ ጥያቄ ነው ብሎ መጣል አይቻልም። ደግሞም የማርያም ሽቱ ለሌላው ፈሰሰ። ለገዛ አንገቱ ሽቱ የሚገዛ ሰው የቢታንያዋን ሴት ምስክር አድርጎ ቢጠራ ነገሩ አይጸናለትም። ሆኖም ቤቱ ሁሉ በሽቱው መዓዛ እንደ ተመላ ወንጌላዊው ጽፏል። በአንዱ ላይ የፈሰሰው ያልተጠየቁትን ሁሉ ደረሳቸው፤ ካንት በደል ያለው ነገር በወንጌል ምስጋና ሆኖ ተጻፈ።

የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ሞግዚት በተባለው መጽሐፉ በሁለቱ መካከል ይሄዳል። ወንዶች ሽቱን ሳይሆን ደግነትን ይሽተቱ፥ ሴቶችም የክርስቶስን መዓዛ ይሽተቱ ይላል፤ ቅንጦትንም አጥብቆ ይነቅፋል። ነገር ግን መልካም ሽታን ፈጽማችሁ ጥሉ አይልም፤ ራስን የማያከብድ፥ ምኞትን የማያነሣሣ፥ የደከመውን የሚያበረታ ቅባት አለና በልኩ ይፈቅዳል። ክሴኖፎን ባቆየው ጭውውት ሶቅራጥስ ሽቱ ሲቀርብለት እምቢ ያለበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ባሪያና ጨዋ ሽቱ ቢቀቡ ወዲያው አንድ ዓይነት ይሸታሉ አለ። ሶቅራጥስ ይህን ለነቀፋ ተናግሮታል፤ ክርስቲያን አንባቢ ግን ሽቱን ከማመስገን ይቆጥረዋል።

ልኩን ማን ይወቅ? ችግሩ ሁሉ በዚህ ነው። አፍንጫ አንድን ሽታ ጥቂት ደቂቃ ከተቀበለ በኋላ ይደክማል፤ አእምሮም ያልተለወጠውን ነገር መንገር ይተዋል። ስለዚህ በገዛ ሽቱው ላይ ከሁሉ የከፋው ዳኛ የተቀባው ራሱ ነው። ጠዋት የተቀባው በቀትር የጠፋ መስሎት ይደግማል፤ ሦስተኛም ይጨምራል፤ ባልንጀሮቹ ግን ሦስቱንም በአንድነት ይሸከማሉ። በሱቅ በወረቀት ቁራጭ ላይ አሽትቶ የሚገዛውም እንደዚሁ ይሳሳታል። መጀመሪያ የሚመጣው አልኮልና ቶሎ የሚበርረው ሽታ ነው፤ ቅርንፉዱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይነሣል፤ ዱቄቱ ግን ቅመሙ ሲበርድ፥ ከብዙ ሰዓት በኋላ፥ ከሰውነት ሙቀት ጋራ ይገለጣል። ለስላሳ ነው ወይስ ደካማ ነው የሚለው ፍርድ ሊሰጥ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነበረ፤ የሚሰጠው ግን ገንዘብ ከተከፈለ በፊት በሱቁ መስኮት ላይ ነው።

ዳኞቹም በአንድ ቃል አይስማሙም። የጥርስ ሐኪሞች ዩጂኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ጋራ ለውሰው የጥርስን ቀዳዳ ይሞሉበታልና፥ አንዱ ይህን ሽቱ ሲያሸት የሐኪሙ ወንበር ይታወሰውና ፊቱን ያኮሳትራል። ሌላው ሳሙና ነው ይላል። ሌላው የአያቱ ሣጥን ትዝ ይለውና ዝም ይላል። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል በ1991 ዓ.ም. የሽታ መቀበያዎችን ዘር ገልጠው በ2004 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ በሰው አፍንጫ ውስጥ 400 ያህል ዓይነት መቀበያ እንዳለ፥ እርሱም ከሰው ሰው ጥቂት እንደሚለያይ ዛሬ የታወቀ ነው። ስለዚህ አሮጊት ትሸታለች የሚለው ነቀፋ፥ ብዙ ጊዜ በዚህ ሽቱ ላይ የሚነገረው ቃል፥ ስለ ሽቱው የሚያስረዳው ጥቂት ነው። ስለ ተናጋሪው ዕድሜ የሚያስረዳው ይበልጣል፤ በ1948 ዓ.ም. ይህ የወጣቶች ሽታ ነበረና።

ካንት ያላሰበው ሌላ ጉዳት ደግሞ አለ። አይሶዩጂኖል የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣል፤ ስለዚህ ቀማሚዎች መጠኑን እጅግ እንዲያሳንሱ ተገደዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ 26 የሚያስቆጡ ነገሮች በመያዣው ላይ በስማቸው እንዲጻፉ አዘዘ፤ ዩጂኖል፥ አይሶዩጂኖል፥ ሌር ዱ ታንን በብዛት የሚሞላው ቤንዚል ሳሊሲሌትም ከእነርሱ ይቈጠራሉ። በ2023 ዓ.ም. ዝርዝሩ ወደ 80 ያህል ከፍ አለ። ሕጉ ትክክል ነው፤ የባልንጀራ ቆዳ ከአበባ አምሳል ይበልጣልና። ነገር ግን ስሙ ሳይለወጥ ሽታው ተለወጠ። እናትዋ የሞተችባት ሴት የእናትዋን ሽቱ ፈልጋ ርግቦች ያሉበትን ጠርሙስ ትገዛለች፤ ትከፍተዋለች፤ ስሙ አለ፥ ርግቦቹ አሉ፥ እናትዋ ግን በውስጡ የለችም። ነጋዴው አልዋሸም፤ ስሙ የእርሱ ነውና። ሴቲቱም አልተሳሳተችም። ለእንዲህ ያለው ጉዳት ዳኛ የለውም።

አበባውም ራሱ በዚሁ መካከል ሌላ ሆኗል። ለገበያ የሚበቅለው ካርኔሽን ግንዱ እንዲረዝም፥ በውሃ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ፥ የሩቅ መንገድ እንዲችል እየተመረጠ ሲዳቀል መዓዛውን አብዛኛውን አጥቷል። ከኢትዮጵያ የአበባ እርሻዎችም ከጽጌ ረዳው ጋራ ካርኔሽን ወደ አውሮፓ ሲላክ ቆይቷል፤ ገዢው እቅፉን ተቀብሎ አፍንጫውን ቢያስጠጋ የሚያገኘው የቅጠልና የውሃ ሽታ ነው። የቅርንፉዱን መዓዛ የሚሻ ከሆነ ያለ አበባ ወደ ተቀመመው ጠርሙስ ይመለሳል።